ዳገቱን ተቀምጦ መውጣት

የአጎቴ አውቶቡስ ከጊንጪ በኋላ የጭልሞን ጫካ አልፎ ወደ ጎጆ ከተማ የሚያወጣው ዳገት እግር ሥር ሲደርስ ይቆማል። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ይወርድና ጎማ የሚያግድበትን የእንጨት ታኮ አንሥቶ ከኋላ ጎማ አጠገብ ይሰናዳል። ያን ጊዜ ማንም ሳያዛቸው ወንዶቹ ይነሣሉ። ሴቶች፣ ሕፃናትና ሕመምተኞች በየቦታቸው ይቀራሉ። ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው በአቋራጩ ሽቅብ ይያያዙታል። አውቶቡሱ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይከተላቸዋል። ሞተሩ ሲዝል ረዳቱ ታኮውን ከጎማው ሥር ይወትፋል፤ መኪናው ያርፋል፤ ደግሞ ይነሣል። ከላይ ሲደረስ ወንዶቹ ቀድመው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል።

ይህ የመንገዱ ደንብ ነበር። ማንም አላወጀውም፤ ማንም አልተቃወመውም። ትኬት የቆረጠ ወንድ ሁሉ የከፈለው ለሜዳውና ለቁልቁለቱ ብቻ እንደሆነ ያውቃል።

ዘመኑ 1990ዎቹ ነው። እኔ አዲስ አበባ በጋዜጠኝነት እሠራ ነበር፤ የዓመት ፈቃዴን ግን አምቦ፣ እናቴ ቤት ነበር የማሳልፈው። ከሥራዬ የቀረልኝ ልማድ ያየሁትን ከሰማሁት ለይቶ ማስቀመጥ ነው። እዚህም እንደዚያው አደርጋለሁ።

ታኮው የተንሸራተተ ዕለት አልነበርኩም። የነገሩኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በዋናው ነገር ላይ ግን አይለያዩም። የገበያ ቀን ነው፤ ወንዶቹ ወርደው በአቋራጩ እየወጡ ናቸው። አውቶቡሱ መታጠፊያው ላይ ሲያርፍ ታኮው በጭቃው ላይ ሸርተት አለና መኪናው ሴቶቹን እንደያዘ ወደ ኋላ መንከባለል ጀመረ። አጎቴ መሪውን ጠምዝዞ የመኪናውን ጭራ ከተቆረጠው የአፈር ግድግዳ ጋር አስደግፎ አቆመው። ሰው አልተጎዳም። አንዲት ሴት ዶሮዋን ለቃ ዶሮው በመስኮት ዘሎ ጫካ ገባ፤ ጉዳት ከተባለ እሱ ነው።

ወሬው ግን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ደረሰ። አጎቴ ተጠርቶ ሄደ። የተነገረው አጭር ነበር። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ይዞ፣ አንድም ተሳፋሪ ሳይወርድ ዳገቱን መውጣቱ በተቆጣጣሪ ዓይን ካልታየ ከመስመሩ ይነሣል። ለዚህም እስከ ክረምት መግቢያ ጊዜ ተሰጠው።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ቤቱን ለመኝታ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ቀኑን የሚውለው መሪው ላይ፣ ወይም አውቶቡሱ ሥር ተጋድሞ ነው። ዜናውን ሊነግረን የመጣ ቀን እናቴ ምሳ አቀረበችለት፤ አልነካውም።

«እሺ፣ ያንሡኝ» አለ። «አንሥተው የት ሊያስቀምጡኝ ነው? ደጃፍ ላይ? አላፊ አግዳሚ እየቆጠርኩ?»

«ሽጠውና ቅጥቅጥ ግዛ» አለችው እናቴ። ቅጥቅጥ የምትላቸው ያኔ በየመስመሩ የበዙትን አነስ ያሉ አውቶቡሶች ነው።

«ቅጥቅጥ ሆዱ መሬት የሚነካ ነገር ነው። ያን መንገድ ባንድ ክረምት ይበላዋል።» ያልነካውን ምሳ ገፋ አደረገና፣ «መኪናው አልደከመም። የደከመው ልቡ ነው። ልቡን እለውጥለታለሁ» አለ።

አውቶቡሱ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ሻንሲው የጣሊያን ነው፤ ቦዲውን አዲስ አበባ ውስጥ በእንጨትና በላሜራ ሠርተውለታል። አጎቴ ከከተማው ዳር የነበረውን ባሕር ዛፍ ሸጠና ከአምቦ መውጫ ላይ ጋራዥ ወዳለው መካኒክ ዘንድ አውቶቡሱን ወሰደው።

መካኒኩ ድምፁ ከመዶሻው የሚበልጥ ሰው ነበር። ጴንጤ ነው፤ አይምልም፣ አይሳደብም፣ ግን ራሱን ከማሞገስ የሚከለክለው ሃይማኖት ገና አልተገኘለትም። አንድ ተገልብጦ ከአገልግሎት የወጣ የጭነት መኪና አገኘና ሞተሩንና ካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ አንድ ላይ ገዛ።

«ሞተርና ካምቢዮ ባልና ሚስት ናቸው» ይል ነበር። «ብታለያያቸው ሁለቱም ይበላሻሉ።»

ፈቃዴ ከዚህ ሥራ ጋር ስለገጠመ ጠዋት ጠዋት ጋራዡ እሄድ ነበር። አሮጌው ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲወጣ አየሁ። አጎቴ በጨርቅ ጠራርጎ ጥላ ሥር አስቀመጠው፤ ምን ሊያደርገው እንዳሰበ አልጠየቅኩትም። አዲሱ ሲለካ ረዝሞ ተገኘ። ወደ ኋላ እንዳይገፉት የሾፌሩ መቀመጫ አለ። ስለዚህ ራዲያተሩን ወደ ፊት አወጡት፤ ከዚያ ኮፈኑን በላሜራ አስረዝመው በየዱት። አውቶቡሱ አፍንጫ አወጣ። በጋራዡ በር የሚያልፍ ሁሉ ቆም ብሎ ይስቃል። አንድ የጋሪ ነጂ፣ «ምን አሽትቶ ነው እንዲህ የተንጠራራው?» አለ። አጎቴ ግን አልሳቀም።

የቀረው ዲፈረንሻሉ ነበር፤ የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው። አሮጌው ለአሮጌው ሞተር የተሠራ ነው። «የጎረምሳ ትከሻ በሽማግሌ ጉልበት ላይ አይቆምም» አለ መካኒኩ። «ሙሉ ሰው ጭነህ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጠው ጥርሱ ይረግፋል።» አሮጌ አውቶቡሶች ከሚጣሉበት ግቢ ወፍራም፣ ደህና ጥርስ ያለው ዲፈረንሻል ፈልጎ አመጣና ገጠመው።

ሥራው ያለቀ ዕለት አጎቴ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠራ። አገሩ እንደሚያደርገው እርጥብ ሣር ይዘው ከአውቶቡሱ አፍንጫ ፊት ለፊት ቆሙ። አንዱ በኦሮምኛ እየመረቁ ሌሎቹ ይቀበላሉ። መንገዱ የሰላም፣ ዳገቱ ሜዳ ይሁንልህ አሉት። አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ ሰማ፤ አማተበ፤ ጋቢና ገባ። ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ጠለቅ ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አጎቴ ፍሪሲዮኑን ረግጦ አንደኛ ማርሽ አስገባና ቀስ ብሎ ለቀቀ።

አውቶቡሱ ወደ ኋላ ሄደ።

አጎቴ አቆመው። የተሳሳተ መስሎት ማርሹን አውጥቶ እንደገና አስገባ። አሁንም ወደ ኋላ። ሁለተኛ ሞከረ፤ ወደ ኋላ፣ ፈጠን ብሎ። የጋራዡ የቆርቆሮ አጥር እስኪንጋጋ ሄደ።

«ከምርቃታችን ሸሸ እኮ!» አሉ መራቂው ሽማግሌ፣ ሣሩን እንደያዙ።

አጎቴ ከጋቢናው ዘሎ ወረደ። «አንተ ሰው፣ ጸልየህ ነው የገጠምከው?»

«ጸልዬማለሁ፣ ጋሼ» አለ መካኒኩ ላቡን እየጠረገ። «አቅጣጫውን ግን አልጠቀስኩም።»

ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ነበር። ያ ዲፈረንሻል የተፈታው ሞተሩ ከኋላ ከሚገኝ አውቶቡስ ላይ ነው። እዚያ ጉልበት የሚመጣው ከኋላ ወደ ፊት ነው። የእኛ ሞተር ያለው ከፊት ስለሆነ ጎማዎቹ የሚዞሩት ተገልብጠው ሆነ። አውቶቡሱ ወደ ኋላ የሚሄድበት ሙሉ የማርሽ ስብስብ፣ ወደ ፊት የሚሄድበት ደግሞ አንድ ብቻ፣ የኋላ ማርሹን፣ አገኘ። አጎቴ ያንን አንዱን ተጠቅሞ ከአጥሩ አላቀቀው። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱ መሪውን እንደያዘ ተቀምጦ ቀረ። ክረምቱ እየቀረበ ነበር፤ በጊንጪ በኩል ሰማዩ ከሰዓት በኋላ መጥቆር ጀምሯል።

መካኒኩ ለጥቂት ቀን ድምፁን ቀነሰ። ዲፈረንሻሉን አወረደው፤ ሆዱን ወደ ላይ፣ ጀርባውን ወደ ታች ገልብጦ መለሰው። የዘይት መሙያው ከሥር ስለዋለ ከላይ አዲስ ቀዳዳ በሳለት፤ የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙትን የባሌስትራዎቹን መቀመጫ ቆርጦ በሌላው ጎን በየደ። አሁን አንደኛ ማርሽ ወደ ፊት ሄደ። ድጋሚ ምርቃት አልተጠራም። ሽማግሌዎቹ የፊተኛው ይበቃል ብለው ላኩ።

ተቆጣጣሪው የመጣው በጎጆ የገበያ ቀን ነው። ቀጠን ያለ፣ ኮቱን የቆለፈ፣ ከሁሉም ጋር በኦሮምኛም በአማርኛም በትሕትና ሰላምታ የሚለዋወጥ ሰው ነበር። ከሞተሩ አጠገብ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ጊንጪ ላይ አውቶቡሱ ሞላ። ባዶ ጆንያ የያዙ የድንች ነጋዴዎች፣ ከሕክምና የሚመለሱ፣ ሁለት አስተማሪዎች፣ በርካታ ገበሬዎች ነበሩ። ረዳቱ፣ ጎልማሳና ነገረኛ ሰው፣ መሐል ቆሞ ተናገረ።

«ስሙ! ዛሬ ዳገቱ ላይ የሚወርድ የለም። ሁላችሁም ተቀምጣችሁ ትወጣላችሁ!»

«እሺ፣ እሺ» አሉ። እኔም እሺታቸውን አመንኩ።

ጫካውን አለፍን። ከዳገቱ በታች ትንሽ የውሃ መውረጃ አለች፤ እሷን ለማለፍ አጎቴ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ለአፍታም ቆመ። በሩ አጠገብ የነበረው ገበሬ በሩን ከፈተና ወረደ። ተከታዩ ወረደ። ከዚያ ወንዶቹ ሁሉ፣ ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ እንደሁልጊዜው።

«ታኣ! ታኣ!» ጮኸ አጎቴ በኦሮምኛ፤ ቀጥሎም በአማርኛ፣ «ተቀመጡ ተብሏል እኮ!»

«ኧረ እናዝንለታለን» አለ አንዱ ከደጅ። «መኪናህን የምናውቀው እኛ አይደለንም?»

«ዛሬ ሌላ ነው!»

«አፍንጫ ስላወጣ ነው?»

ረዳቱ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ከኋላ ወንበር ሁለት ሰዎች በመስኮት ወጡ። ተቆጣጣሪው ዞሮ ባዶ ወንበሮቹን ተመለከተ።

«እየወረዱ ነው፣ ጋሼ» አለ።

«እኔ አላወረድኳቸውም፣ ጌታዬ! እርስዎም ሰምተዋል!»

«እኔ የማየው መውረዳቸውን ነው። ያወረዳቸውን አይደለም።»

አጎቴ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ሞተሩን ሳያጠፋ በሩን ከፈተና ወረደ። ያን መስመር ከጀመረ ጊዜ አንሥቶ ያን ዳገት በእግሩ ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር፤ ሾፌር ነውና ዕድሉን አግኝቶ አያውቅም። ተከተልኩት። አቋራጩ ድንጋያማ ነው። እየተነፋፈሰ ወንዶቹ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር አየን። ተበታትነው አልነበረም የሚሄዱት። መሐል ላይ ሁለት ጎልማሶች ጎን ለጎን ይራመዳሉ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ከግራና ከቀኝ ይዘዋቸዋል፤ ሌሎቹ ከኋላ ሆነው ጆሯቸውን ቀስረዋል።

«ኧረ በፈጠራችሁ ተመለሱ!» አለ አጎቴ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቆሙ። «ኦቦሌሳ ኮ» አሉት፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው፤ «እኛ እኮ እዚህ ጉዳይ አለን።»

«ምን ጉዳይ? ዳገት ላይ?»

«እነዚህ ሁለቱ በድንበር ይካሰሳሉ። አንዱ ባሕር ዛፍ ተከለ፣ የሌላውን ገብስ ጥላ በላው። ቤታቸው ሄደን ብናነሣው ዱላ ይመዛሉ። ገበያ ላይ ብናነሣው የአገር መዘባበቻ ይሆናሉ። መኪና ውስጥ ደግሞ ሴቶች አሉ፣ ዘመድ አለ። እዚህ ግን ደህና ነው። ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራል፤ ሰው ረጅም ስድብ መሳደብ አይችልም።»

አጎቴ ሁለቱን ጎልማሶች፣ ከዚያ ሽማግሌውን አየ። «ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«መኪናህ ከደከመ ጀምሮ። ከእነሱ በፊት የጥሎሽ ጉዳይ ነበረን፤ ከዚያ በፊት የበግ።»

«እኔ ለመኪናው አዝናችሁ መስሎኝ።»

«እናዝናለንም» አሉ ሽማግሌው። «ግን በማዘን ብቻ ሰው ዳገት አይወጣም።»

ሁሉም ሳቁ። አጎቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከታች የአውቶቡሱ ሞተር ይሰማል፤ ሴቶቹ በመስኮት አንጋጠው ይመለከቱናል፤ ተቆጣጣሪው ወርዶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። አጎቴ ሲናገር አልጮኸም።

«ያ የቆመው ሰው ዛሬ ተቀምጣችሁ ስትወጡ ካላየ መስመሩን ይወስዱብኛል። ሌላ መኪና እዚህ አይመጣም፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ያኔ ከጊንጪ ጀምራችሁ በእግራችሁ ነው። ለሽምግልናችሁ ሰፊ ጊዜ ታገኛላችሁ።»

ተያዩ። በኦሮምኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ተመካከሩ። ባሕር ዛፍ ተከለ የተባለው፣ «እኔ እንኳ ገና አልመለስኩለትም» ብሎ ሊቀጥል ሲል ሽማግሌው በዱላቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት። ቁልቁል ጀመሩ፤ እያጉረመረሙ፣ በግድ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው።

ከታች የቀረው የተቆጣጣሪው ፈቃድ ነበር። አጎቴ ፊቱ ቆመ። ሰውየው አውቶቡሱን ከአፍንጫው እስከ ጭራው አየው፤ ከዚያም ጎማዎቹን።

«መኪናው ገና ከዳገቱ እግር አልተነሣም» አለ። «ስለዚህ እስካሁን የታየ ነገር የለም። ያስገቧቸው።»

ገቡ። በሩ ተዘጋ። አጎቴ አንደኛ ማርሽ አስገባ፤ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ አውቶቡሱ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ተነሣ። ወንዶቹ የፊታቸውን ወንበር በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ ፊት አዘነበሉ፤ በሐሳባቸው የሚገፉ ይመስሉ ነበር። አንዱ «ዋቃዮ!» እያለ አምላኩን ይጠራል፤ ሌላው ያማትባል። መታጠፊያው ላይ፣ መኪናው ወደ ኋላ የሸሸበት ቦታ፣ ረዳቱ ታኮውን አነሣ። አጎቴ ግን የሠራው ሌላ ነበር። ፍሪሲዮኑን ረግጦ ሁለተኛ አስገባ። በዚያ ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ሞተሩ ዝቅ አለ፤ ሁላችንም አብረን ዝቅ አልን፤ ከዚያ ያዘ። መስኮቱ ላይ ዛፎቹ ፈጥነው ማለፍ ጀመሩ።

«ይሄ መንገድ እንዲህ አጭር ነበር እንዴ?» አሉ ከኋላ አንዲት አሮጊት።

ከላይ፣ ሁልጊዜ ራዲያተሩ ውሃ የሚጠጣበት ሜዳ ላይ፣ አጎቴ አልቆመም። ተቆጣጣሪው ወደ እሱ ጠጋ ብሎ፣ «በቃ፣ አይቻለሁ። መስመሩ ይቀጥላል» አለው። አጎቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ «ገለቶማ» ብሎ አመሰገነ። ጎጆ ስንደርስ ገበያው ገና አልሞላም ነበር፤ ነጋዴዎቹ ቀድመው መድረሳቸው ግር ብሏቸው ጆንያቸውን እንደያዙ ቆሙ።

ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል አንድ ጊዜ ደግሜ አብሬው ሄድኩ። ዳገቱ ላይ ወንዶቹ ጸጥ ብለው ተቀምጠው ነበር፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ይመስላሉ። እኔም ልቤ አልሞላም። መኪናው የጨመረውን ጉልበት አውቀዋለሁ፤ የወሰደውን ግን ማን ይናገራል እያልኩ አስብ ነበር። ሽምግልናው የት እንደሚሄድ አጎቴን ብጠይቀው፣ «እኔ ምን አውቃለሁ? ሾፌር ነኝ» አለኝ።

መልሱ የመጣው እዚያው መታጠፊያው ላይ ነው። ገብሱ ጥላ የበላበት ጎልማሳ ከኋላ ወንበር ተነሣና ከሞተሩ ድምፅ በላይ፣ «ያ ባሕር ዛፍ መቼ ነው የሚቆረጠው?» አለ።

«ድንበሩ ከዛፉ በላይ ነው ብዬሃለሁ!» አለ ሌላው።

«የድንበሩ ድንጋይ የት ሄደና?»

«ድንጋይ አልነበረም!»

አሁን ትንፋሽ የሚያሳጥር ዳገት የለም፤ ስድቡ ሊረዝም ነው ብዬ ፈራሁ። ሽማግሌዎቹም ተነሡ። ያኔ ቀደም ሲል የመንገዱ ማጠር የገረማቸው አሮጊት፣ በየገበያው ቀን ከሴቶቹ ጋር መኪና ውስጥ የሚቀሩት፣ ወደ ኋላ ዞረው፣ «ድንጋዩማ አለ» አሉ። «ያኔ ድንበሩ ሲከለል አባቴ ሲቀብረው አይቻለሁ። ከወራጁ ውሃ በላይ፣ ከኮሶው ሥር ቆፍሩ።»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? እናንተ ወርዳችሁ፣ እኔ እዚህ።»

ሳቁ ከፊት እስከ ኋላ ሄደ። ቆፍረን እንየው አሉ፤ ማን ይቆፍር፣ ማን ይመስክር ተባለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፤ ሴቶቹም ወንዶቹም። አጎቴ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ፣ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ፣ «እኔን ከጠየቃችሁኝ መጀመሪያ ሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ይምረጥና...» ብሎ ጀመረ።

«አንተ መንገድህን እይ!» አሉት አሮጊቷ።